ከደምቢያ ኩሬ እስከ ጂኖም፦ የወባ ትንኝን ሙሉ ዘረመል ጎንደር ላይ ለማንበብ ዝርዝር መመሪያ

ደምቢያ ወባን ከጥንት ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው ሜዳ የገባው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ዛሬም ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከቆላድባ እስከ መተማ ጤና ጣቢያው በትኩሳት ታማሚ ይሞላል። ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የሚመለሰው ወጣትም ወባውን ይዞ ይገባል።

የመጀመሪያው የወባ ትንኝ ጂኖም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የአኖፊለስ ጋምቢዬ ነበር፤ ወደ 278 ሚሊዮን ፊደል (ዲኤንኤ የተጻፈባቸው ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ)። ያኔ ሥራው የብዙ አገር ተቋማትን ጥምረትና ትልልቅ ማሽኖችን ጠይቋል። ዛሬ ሚንአዮን የተባለ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ የናኖፖር መሣሪያ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ያነባል። ናሙናችን ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ውጤቱ የፀረ ትንኝ ርጭት ወቅት ካለፈ በኋላ ቢመለስ ለደምቢያ ገበሬ ምን ይፈይድለታል? እዚሁ መነበብ አለበት። እዚሁ መነበብም ይችላል።

ይህን የምጽፈው ፒሲአር ሠርታችሁ ለምታውቁ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ብዙ ሰው ልቡ ማሽኑ ላይ ነው። ለእኔ ግን ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። ስለዚህ ኩሬው፣ ቤቱና ቲዩቡ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1. መጀመሪያ ጥያቄው

ወረቀት አውጡና መልስ የምትፈልጉለትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የደምቢያ ትንኝ ለምን በፀረ ትንኝ ኬሚካል አትሞትም?» አንድ ጥያቄ ነው። «የመተማና የደምቢያ ትንኞች ይዳቀላሉ ወይ?» ሌላ ነው። «የዚህ አካባቢ ትንኝ ክሮሞሶም አደረጃጀት ምን ይመስላል?» ደግሞ ሦስተኛ።

ይህ የሚያስፈልገው ሥራው ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንደኛው ጂኖሙን ከባዶ መገጣጠም ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ከተገጣጠመ ጂኖም ጋር እያስተያዩ ልዩነቱን መፈለግ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ናት። የእሷ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጡት የ16 አኖፊለስ ዝርያዎች ጂኖሞች አንዱ ነው። የተነበበችው ግን የሱዳን መነሻ ያላት፣ ዶንጎላ የተባለች የላብራቶሪ ዘር ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በእሷ ላይ ተደግፎ መመለስ ይቻላል። ሦስተኛው ግን ከባዶ መገጣጠምን ይፈልጋል።

ሂሳቡም ከዚሁ ይጀምራል። ጂኖሙ ወደ 250 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ከባዶ ለመገጣጠም እያንዳንዱን ፊደል በአማካይ 40 ጊዜ ማንበብ ጥሩ ነው። 250 ሚሊዮን በ40 ሲባዛ 10 ቢሊዮን ይሆናል። ይህ ከአንድ ጥሩ የሚንአዮን ፍሎው ሴል (ዲኤንኤው በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያለፈ የሚነበብበት ተነቃይ ክፍል) የሚገኝ መጠን ነው። ለማስተያየት ብቻ ከሆነ 10 ጊዜ ማንበብ ለብዙ ጥያቄ ይበቃል፤ በአንዱ ፍሎው ሴል አራት ትንኝ ማሳደር ይቻላል። ፍሎው ሴል በዶላር ነው የሚገዛው፤ ዋጋውም በመቶዎች ነው። ሂሳቡን ሳትጨርሱ ትእዛዝ አትላኩ።

2. ፈቃድ

ከተቋማችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ አውጡ። ከዚያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ባለቤቶቹ። ናሙናው ወይም ዲኤንኤው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጉዳይ ይሆናል። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡት። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ ክረምት ሳይገባ ጀምሩት፤ አለበለዚያ ፈቃዱ የሚደርሰው ትንኟ ከጠፋች በኋላ ነው።

ቤት ለቤት ስትሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው የሚያምነው እሷን ነው። «እማማ፣ ትንኝ የምትይዝ ትንሽ መብራት ለአንድ ሌሊት አልጋዎ አጠገብ ብንሰቅል ይፈቅዱልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ልጄ፣ መብራቱ ትንኙን አይጠራብንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና በቁም ነገር መልሱት። ቤተሰቡ ያለ አጎበር እንዳያድር አድርጉ። አጎበሩ የተቀደደ ከሆነ ወጥመዱን ከመስቀላችሁ በፊት ደህና አጎበር ስጡ።

3. ትንኝ መያዝ

የመብራት ወጥመዱን ከአጎበሩ ውጭ፣ በግርጌ በኩል፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይሥራ። ጠዋት ደግሞ በእጅ ባትሪና በአስፒሬተር (ትንኝ ስቦ መያዣ ቱቦ) ግድግዳውን፣ የጣሪያውን ሥር፣ የተሰቀለውን ልብስ ፈትሹ። አራቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ደም ትጠጣለች፤ ቤት ውስጥም ውጭም ታርፋለች። ስለዚህ በረቱን አትለፉት።

እጭ ከፈለጋችሁ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ውሃ ዘንድ ሂዱ። የከብት ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ለጡብና ለጭቃ አፈር የተወሰደበት ቦታ፣ የመስኖ ቦይ ያንጠባጠበው፣ ጣና ሲሸሽ የሚተወው ኩሬ። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተጋድሞ ይታያል። ወባ የማታስተላልፈው የኩሌክስ ትንኝ እጭ ግን በጭራው በኩል ባለው መተንፈሻ ቱቦ ተሰቅሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። በጭልፋው ከመጥለቃችሁ በፊት ጥላችሁን ከውሃው ላይ አንሱ። እጩ ጥላ ሲያይ ይሰምጣል።

ከተማ ውስጥ በሮቶና በበርሜል የምታገኙትንም እጭ አትናቁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው።

ለጂኖም ሥራ ከሁሉ የምመርጠው መንገድ አንድ ነው። ደም የጠጣች አንዲት ሴት ትንኝ ከቤት ግድግዳ ያዙ። ለብቻዋ ኩባያ ውስጥ፣ እርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ እንቁላል እንድትጥል አድርጉ። ልጆቿን በኢንሴክተሪ (የትንኝ ማርቢያ ክፍል) አሳድጉ። ወደ 27 ዲግሪ ሙቀትና ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ይፈልጋሉ። ጎንደር ደጋ ቀመስ ስለሆነች ሌሊት ማሞቂያ ግድ ነው። እጮቹ የተፈጨ የዓሣ መኖ ይበላሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ክንፍ ያወጣሉ። ደም ሳይቀምሱ ያዟቸው።

ይህ ድካም ሁለት ነገር ይፈታል። አንደኛ፣ ደም በጠጣች ትንኝ ሆድ ውስጥ የሰው ወይም የከብት ዲኤንኤ አለ። የሰው ጂኖም ከትንኟ በአሥር እጥፍ ይበልጣልና ፍሎው ሴላችሁ የእማማን ዘረመል ሲያነብ ይውላል። ይህ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄም ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ እናት ልጆች ዘረመላቸው ስለሚቀራረብ፣ አንዷ ካልበቃች እህቶቿን መደመር ይቻላል። የዋይ ክሮሞሶምን ከፈለጋችሁ ወንድ ውሰዱ፤ አንቴናው ፀጉራም ስለሆነ በዓይን ይለያል።

4. አገዳደልና አቀማመጥ

ትንኟ ከሞተች ጀምሮ ዲኤንኤዋ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለዚህ በሕይወት እያለች በፈሳሽ ናይትሮጅን በቅጽበት ማቀዝቀዝ ከሁሉ ይሻላል። ናይትሮጅን ከየት ይምጣ ለምትሉ፣ የከብት አዳቃይ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በእሱ ነው። ተነጋገሩ። ካልተገኘ ሕያዋን ትንኞችን በኩባያ ይዛችሁ ላብ ድረስ አምጡና በቀጥታ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ውስጥ ክተቱ። እሱም ካልሆነ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ውስጥ ከትቶ ማቀዝቀዝ ነው፤ በማግስቱ ኢታኖሉን ቀይሩት። ሲሊካ ጄል ለፒሲአር ይበቃል፣ ለረጅም ንባብ ግን አልመክርም።

ቲዩቡ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ። ኢታኖል የእስክሪብቶ ቀለም ያጥባል። ቀበሌ፣ ቀን፣ የአያያዝ ዓይነት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ቁጥር። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። «2/3» ተብሎ የተጻፈ ኅዳር 2 ከፈረንጆቹ ማርች 2 ጋር ተምታቶ የተበላሸ መረጃ ማንም አይመልሰውም።

5. ማንነቷን ማረጋገጥ

የጋምቢዬ ቤተሰብ ዝርያዎች በማይክሮስኮፕ አይለዩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአራቢየንሲስ ሌላ አኖፊለስ አማሪከስም አለች፤ ከብት ስለምትወድ በሰው ወባ ላይ ድርሻ የላትም። መለያው ፒሲአር ነው። ለዚህ ሙሉ ትንኝ አታጥፉ። አንድ እግር በቂ ነው። በበረዶ ላይ በተቀመጠ ሳህን፣ በቀጭን መቆንጠጫ አንዱን የኋላ እግር ንቀሉና ለፒሲአር ስጡት፤ ሌላው አካል ወዲያው ወደ ቅዝቃዜው ይመለስ። ጄሉ ላይ 315 ቤዝ ላይ መስመር ከታየ አራቢየንሲስ ናት። 390 ላይ ከሆነ ጋምቢዬ ናት። ክንፏንም ለማስረጃ አስቀምጡ።

6. ዲኤንኤ ማውጣት

ከላብ ሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። የአንዲት ትንኝ ዲኤንኤ ቢበዛ ጥቂት መቶ ናኖግራም ነው። ረጅሙ ዲኤንኤ እንደ ጥጥ ፈትል ነው፤ በኃይል ከጎተቱት ይበጠሳል።

ትንኟን 1.5 ሚሊሊትር ቲዩብ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ በሆነ የፕላስቲክ መውቀጫ፣ ሴሉን በሚያፈርስ ፈሳሽ (ላይሲስ በፈር) ውስጥ ቀስ ብላችሁ ፍጩ። አትውቀጡ፤ ግድግዳው ላይ እየገፋችሁ አድቅቁ። ፕሮቲኔዝ ኬ ጨምራችሁ በ56 ዲግሪ አሳድሩት። ጠዋት ላይ አርኤንኤ የሚያጠፋውን ኢንዛይም ጨምሩ። ከዚያ በማግኔት ቅንጣቶች ወይም በጨውና በአልኮል አጥሩት። ቮርቴክስ ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት። ቲዩቡን በእጅ ገልበጥ ቀና እያደረጋችሁ አዋህዱ። የፒፔት ጫፉ ሰፊ አፍ ያለው ይሁን፤ ከሌለ የተራውን ጫፍ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡት።

መጠኑን በኪውቢት መለኪያ ለኩ። ናኖድሮፕ ንጽሕናውን ይነግራችኋል፤ መጠኑን ግን ያጋንናል። የብርሃን መምጠጥ ንጽጽሩ 260 ለ280 ወደ 1.8፣ 260 ለ230 ወደ 2 ከተጠጋ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከወደቀ ጨው ወይም የትንኟ ቀለም ቀርቶበታል። በማግኔት ቅንጣት ደግማችሁ እጠቡት። ሳይጠራ ፍሎው ሴል ውስጥ ከገባ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ርዝመቱን ደግሞ ጄል ላይ እዩ። ከላይ የተሰበሰበ ጥርት ያለ መስመር ከሆነ ቀጥሉ። ወደ ታች የተዝረከረከ ጭስ ከሆነ ለመገጣጠም አይሆንም፤ ለማስተያየት ግን ይሆናል፤ አትጣሉት።

7. ለማሽኑ ማዘጋጀት

ሁለት ምርጫ አለ። የሊጌሽን ኪት ብዙና ረጅም ንባብ ይሰጣል፤ ነገር ግን 1 ማይክሮግራም ያህል ዲኤንኤ ይፈልጋል፤ ያ ከአንዲት ትንኝ አይገኝም። እህትማማቾቹን የምትደምሩት እዚህ ላይ ነው። ራፒድ ባርኮዲንግ ኪት ደግሞ ለአንድ ናሙና 200 ናኖግራም ያህል ይበቃዋል፣ ሥራውም በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ዲኤንኤውን ግን ይቆራርጣል። ከባዶ ለመገጣጠም ሊጌሽን፣ ለማስተያየት ራፒድ እላለሁ። ዲኤንኤውን በኢንዛይም አባዝቶ ማንበብም አለ፤ የማይገናኙ ቁርጥራጮችን ስለሚያጣብቅ ለመገጣጠም አልደግፈውም።

ፍሎው ሴሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ አለቀለት። ከአዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ በቀጥታ እንዳይነካው ጠቅልላችሁ አምጡት። እንደደረሰ ፈትሹት። የሚሠሩ ቀዳዳዎች ከ800 በታች ከሆኑ ለአምራቹ ማመልከት የሚቻለው በጊዜ ከተመረመረ ብቻ ነው።

ስትጭኑ ጠላታችሁ የአየር አረፋ ነው። መጀመሪያ በፕራይሚንግ ቀዳዳው በኩል 20 ማይክሮሊትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡና ፈሳሹ ፒፔቱ ጫፍ ላይ ሲታይ አቁሙ። 800 ማይክሮሊትር የፕራይሚንግ ፈሳሽ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። 5 ደቂቃ ጠብቁ። ስፖትኦን የተባለውን የናሙና መግቢያ ክዳን ክፈቱና 200 ማይክሮሊትር በዚያው በፕራይሚንግ ቀዳዳው ጨምሩ። ከዚያ 75 ማይክሮሊትሩን ናሙና በስፖትኦን መግቢያው ጠብታ በጠብታ፣ አንዱ ገብቶ ሳይሰምጥ ሌላው ሳይከተል አንጠባጥቡት። አንድ አረፋ ቀዳዳዎቹ ላይ ካለፈ የነካቸው ሁሉ ይሞታሉ።

8. ሦስት ቀን

ንባቡ እስከ 72 ሰዓት ይሄዳል። በጎንደር ይህ ማለት መብራት ይጠፋል ብሎ መዘጋጀት ማለት ነው። ላፕቶፑንም መሣሪያውንም ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ሰኞ ጠዋት አረጋግጡ፤ ሥራውን ዓርብ ከሰዓት አትጀምሩ። የኮምፒውተሩን እንቅልፍና አውቶማቲክ አፕዴት አጥፉ። ቢያንስ 1 ቴራባይት ባዶ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል።

በየጊዜው የሚሠሩትን ቀዳዳዎች ብዛት እዩ። ቶሎ ቶሎ ከቀነሱ ንባቡን አቁማችሁ በማጠቢያ ኪቱ እጠቡት፣ የቀረውን ናሙና ደግማችሁ ጫኑ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ግማሽ ናሙና ማስቀረት የምወደው።

9. ኮምፒውተሩ ላይ

ማሽኑ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ወደ ፊደል የሚቀይረው ዶራዶ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፈጣኑን ሞዴል ለክትትል ተጠቀሙ፤ ለመጨረሻው ግን በጣም ትክክለኛውን ምረጡ። ጠንካራ ጂፒዩ ከሌላችሁ ካለው ክፍል ጋር ተስማሙ።

ከዚያ ንባቦቹን በሚኒማፕ2 ፕሮግራም ከሰውና ከከብት ጂኖም ጋር አስተያዩ። የሰው የሆነውን አጥፉት። የትም አይጫን፣ ለማንም አይላክ።

ለመገጣጠም ፍላይ የተባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ብዙ ራም ይበላል። ውጤቱን በቡስኮ መዝኑ። ይህ ፕሮግራም odb10 በተባለው ዝርዝሩ የዝንብና የትንኝ ወገን ሁሉ ሊኖሩት የሚገቡ 3,285 ጂኖችን ይፈልጋል። ከ95 በመቶ በላይ ከተገኘ ደህና ነው። ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ከታዩ የእናትና የአባት ቅጂዎች ተለያይተው ቀርተዋል ማለት ነውና ድግግሞሹን አስወግዱ። የጂኖሙ መጠን ከ250 ሚሊዮን እጅግ ካለፈም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ አለዚያም ባክቴሪያ ተቀላቅሏል።

ቁርጥራጮቹን በዶንጎላ ጂኖም ላይ ደርድሮ ወደ ኤክስ፣ 2 እና 3 ክሮሞሶሞች ማሰለፍ ያጓጓል። ግን ተጠንቀቁ። አራቢየንሲስ ውስጥ የክሮሞሶም ክፍል ተገልብጦ የሚገኝበት ሁኔታ አለ። በሌላዋ ትንኝ ልክ ካሰለፋችሁ የራሳችሁን ግልብጥ ታጠፉታላችሁ።

10. የኬሚካል መቋቋሙን መፈለግ

ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ የደከምነው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ክሮሞሶም ግራ ክንድ ላይ የሶዲየም ቻናል ጂን አለ። በአጎበር ላይ ያለው ፓይረትሮይድ የሚመታው እሱን ነው። በቤት ዝንብ አቆጣጠር ኮዶን (የሦስት ፊደል ክፍል) 1014 ላይ ሂዱ። በጋምቢዬና በአራቢየንሲስ ራሷ አቆጣጠር 995 ነው። ቲቲኤ ካያችሁ በዚህ ቦታ ለውጥ የለም። ቲቲቲ ከሆነ ሉሲን በፌኒልአላኒን ተተክቷል። ቲሲኤ ከሆነ በሴሪን ተተክቷል። በኢትዮጵያ አራቢየንሲስ ላይ የመጀመሪያው ለውጥ በስፋት ታይቷል። ናኖፖር ተመሳሳይ ፊደል ሲደጋገም ሊሳሳት ስለሚችል፣ ቲቲቲ ባያችሁ ጊዜ ከዚያች እግር በቀረው ዲኤንኤ ላይ በፒሲአር አረጋግጡ። እዚያው ላይ አትቁሙ። ከመቋቋም ጋር የተያያዙትን ሌሎች ጂኖች፣ ማለትም የኤስ-1ን፣ የጂኤስቲኢ2ንና የሲፕ6 ጂኖችን ቅጂ ብዛትም ተመልከቱ፤ መቋቋም ከአንድ ፊደል ለውጥ ብቻ አይመጣም።

11. ውጤቱን ማድረስ

ንባቡን ከሰው ዲኤንኤ አጽድታችሁ ወደ ሕዝብ የመረጃ ቋት ጫኑት። የተያዘችበትን ቀበሌና ቀን አያይዙ፤ የቤቱን ባለቤት ስም ግን አታያይዙ።

ለዞኑና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉ። የትኛዋ ትንኝ እንደተገኘች፣ የትኛው ለውጥ በስንቱ ላይ እንደታየ፣ በየትኛው ቀበሌ። የርጭት ጋኑን የሚሞላው ሰው የትኛውን ኬሚካል እንደሚያስገባ የሚወሰነው ክረምቱ ሳይወጣ ነውና ገጹ ከሐምሌ በፊት ይድረስ። ወጥመድ የሰቀላችሁባቸው ቤቶችም ሂዱ፤ ያገኛችሁትን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፊት ለፊት ንገሯት።